ሞተሩን ሳይሞቅ ድረሱበት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መኪና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከገበሬ ወተት እየሰበሰብኩ አዲስ አበባ ለካፌዎችና ለሱቆች አከፋፍላለሁ። እስከ ዛሬ በኪራይ መኪና ስሠራ ቆይቼ አሁን የራሴን የናፍጣ ፒክአፕ ልገዛ ነው። ሁለት አይቻለሁ። አንደኛው የድሮው ሃይሉክስ ነው፤ ነጠላ ጋቢና፣ ሞተሩ 5ኤል። ሁለተኛው ቪጎ የሚባለው አዲሱ ሃይሉክስ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ ሞተሩ 2.5 ዲፎርዲ። ደላላው ሁለቱንም ቀለበት መንገድ ላይ አስነዳኝ። የድሮው እየተጎተተ ነው የሚሄደው፤ ቪጎው ግን ይበራል። ወንድሜ «5ኤሉ ሞተሩ አልቋል» ይላል። ደላላው ደግሞ «ከፍታው ነው እንጂ ሞተሩ አልተነካም» አለኝ። ማንን ልመን? መንዳት እችላለሁ፤ ስለ ሞተር ግን ምንም አላውቅም።
(የወተት ነጋዴ፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ገና ስላልተፈተነ ሞተር ነው የሚያወሩልሽ። ባዶ መኪና፣ ሞቆ የመጣ ሞተር፣ ሜዳ መንገድ። ይሄ ሽርሽር እንጂ ፈተና አይባልም።

የከፍታው ወሬ እውነት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ሱሉልታ ደግሞ ከእሷም ትበልጣለች። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ የለም። 5ኤል 3 ሊትር ሞተር ነው፤ ቱርቦ የለውም። በራሱ የሚስበውን አየር ብቻ ነው የሚጠቀመው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ 100 ፈረስ አካባቢ ነበር፤ እኛ ጋ ሲደርስ ሩብ ገደማው ይጎድላል። ስለዚህ ጤነኛ 5ኤልም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ቀርፋፋ ነው። ቪጎው ቱርቦ አለው። ቱርቦው ስሱን አየር እየጨመቀ ስለሚያስገባለት ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። በ2.5 ሊትር የሚበረው ለዚህ ነው።

ቀርፋፋ ሞተር ሌላ፣ የታመመ ሞተር ሌላ። የምትፈትኚውም ይህን ለመለየት ነው። ፈጣን ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው እንዳትይ። እንዲያውም እኔ ከሁለቱ የምፈራው ቪጎውን ነው፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ሞተሩን ቀዝቃዛ ላይ አግኚው። ይህን ካላደረግሽ ሌላውን ሁሉ ባታደርጊው ይሻላል። የናፍጣ ሞተር በሽታውን የሚናገረው ጠዋት ነው። አንዴ ከሞቀ በኋላ ያለቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ የሞተ የማሞቂያ ካንዴላ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ናፍጣውን የሚረጨው)፣ ሁሉም ዝም ይላል። ደላላ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። «መኪናውን እኔ ላምጣልሽ፣ አትድከሚ» የሚልሽ ለደግነት ብቻ አይደለም። መኪናው የሚያድርበት ድረስ በጠዋት ሂጂ። «ሳልደርስ እንዳታስነሱት» በይ። ስትደርሺ ኮፈኑን አስከፍተሽ ከራዲያተሩ አናት ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በእጅሽ ንኪው። ሞቅ ካለ ቀድመውሽ አስነስተውታል። አትጨቃጨቂ። «ነገ እመለሳለሁ» ብለሽ ሂጂ። ነገም ሞቆ ከጠበቀሽ መኪናውን እርሺው።

ቀዝቃዛ ከሆነ ሳይነሳ የሚታይ አለ። የዘይት መለኪያውን አውጪና አሽትቺው። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ክፉ ምልክት አይደለም፤ በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተና መጠኑ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ግን ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። ዘይቱ እንደ ማር ጠርቶ ካገኘሽውም ጠይቂ። ሊሸጥ የወጣ መኪና ትናንት ዘይት የተቀየረለት ለምንድን ነው? ድምፅና ጭስ ለመደበቅ ወፍራም ዘይት የሚሞሉ አሉ። ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ፤ በቀዝቃዛው ብቻ፣ ሲሞቅ በፍጹም አይነካም። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም ክዳኑ ሥር ቡናማ ቅባት ከተለጠፈ፣ ዋጋ መጠየቅ አያስፈልግሽም።

አሁን ቁልፉን አዙሪ፣ ግን ሞተሩን አታስነሺ። መብራቶቹን ቁጠሪ። የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስለው ቢጫ መብራት የካንዴላው ነው፤ በርቶ ሲጠፋ ነው የሚነሳው። ቪጎው ላይ የሞተር ምስል ያለው መብራት አብሮ መብራት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ገና ከመጀመሪያው ካልበራ አምፖሉን አውጥተውታል ወይም ሸፍነውታል ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት ሞተሩ ከተነሳ በኋላም በርቶ ከቀረ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም ቫልቭና ፒስተንን የሚያስማማው ቀበቶ፣ መቀየሪያው ደርሷል። ሁለቱም መኪኖችሽ ቺንጋ ነው ያላቸው፣ ሰንሰለት አይደለም። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካላሳዩሽ እንዳልተቀየረ ቁጠሪውና ከዋጋው ላይ አስቀንሺ።

እግርሽን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንሺና አስነሺው። ጤነኛ ሞተር ያለ ነዳጅ ይነሳል። የሱሉልታ ብርድ ላይ 5ኤል ትንሽ ቢያጉተመትም ምንም አይደለም። አንድ ሁለት ደቂቃ ነጭ ጭስ ቢያወጣም ልታልፊው ትችያለሽ፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ዓይን ይቆጠቁጣል። ሞቆም ነጩ ካልቆመና የሚጣፍጥ ዓይነት ሽታ ካለው ግን የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነው፤ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሄዷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ደግሞ ነዳጅ በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው።

ሞተሩ በራሱ ዙር ቆሞ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቺና ገልብጠሽ ቀዳዳው ላይ አስቀምጪው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ፣ ትንሽ እንፋሎት ቢታይ ያለ ነው። ክዳኑ ተነስቶ ከዘለለ፣ ወይም ጭሱ እንደ ባቡር ቱፍ ቱፍ ካለ፣ ፋሻዎቹ አልቀዋል፤ የሚቃጠለው ጋዝ በፒስተኑ ጎን ወደ ታች እየሾለከ ነው። ሞተር ማስወረድ ይጠብቅሻል። ይህን ፈተና ደላሎች አይወዱትም። «ዘይት ይረጫል፣ ልብስሽ ይበላሻል» ይሉሻል። ቢበላሽም ይታጠባል።

የቪጎው ጉዳይ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ዲፎርዲ ነዳጁን የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። ኢንጀክተሮቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ውድ ናቸው፣ በኮምፒውተር ነው የሚታዘዙት። ውሃ ያለበት ናፍጣ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ይገድላቸዋል። ኢንጀክተሩ የሚቀመጥበት ቀጭን የመዳብ ቀለበት ሲያልቅ ደግሞ የቃጠሎው ጋዝ ሾልኮ ዘይቱን ያጨልመዋል፣ ያወፍረዋል። እኛ ጋ የመጣ አንድ ዲፎርዲ ነበር። ባለቤቱ የዘይት መብራቱ በርቶ ነው ያመጣው። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት ስናወርደው ዘይት የሚመጠጥበት ወንፊት ጥቁር ቅርፊት ለብሷል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ደረቀ ሬንጅ ተላቀቀ። ዓይኑ የቀረለት ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ነበር። ያ መኪና ከአንድ ሳምንት በፊት ዳገት ላይ ይበር ነበር፤ ባለቤቱ ይምልበታል። ፍጥነት ብቻ አይታይም የምልሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቪጎው ገና ሲነሳ ጆሮሽን ስጪው። ድምፁ እኩል መሆን አለበት። አንድ ሲሊንደር ብቻ ለይቶ እንደ መዶሻ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ዙሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋልል ከሆነ፣ ኢንጀክተር ወይም የነዳጅ ፓምፑን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ነው። ከኢንጀክተሮቹ ሥር ጥቁር፣ የረጠበ ቅሪት እንዳለም እዪ። 5ኤል እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም። ፓምፑ መካኒካል ነው። የትኛውም ከተማ ያለ የፓምፕ ባለሙያ ያውቀዋል።

ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ዳገት። ዳገት ፍለጋ አትቸገሪም፤ ከአዲሱ ገበያ በድል በር ወደ ሱሉልታ የሚወጣው የራስሽ መንገድ ነው። ግን ባዶውን አትፈትኚው። አምስት ኩንታል ጫኚበት። እህል ካልተገኘ አራት አምስት ጎልማሳ ሰው ኋላ ይቀመጥ። ባዶ ፒክአፕ ሁልጊዜ ጎበዝ ነው።

ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ በይ። ማርሽ ሳትቀይሪ ነዳጁን እስከ ታች ርገጪ። አሁን ሁለት ነገር ነው የምትጠብቂው። ቪጎው መጀመሪያ ትንሽ ዘግየት ይላል፤ ዙሩ 1,800 አካባቢ ሲደርስ ቱርቦው ይነሳና ወደ ኋላ ይጫንሻል። ካልተነሳ፣ ወይም ፉጨቱ እንደ ሳይረን ከሆነ፣ ወይም ጥቁር ጭስ ለቆ ጉልበት ከከለከለሽ፣ ቱርቦው ደክሟል ወይም ቱቦው ተቀዷል። ድንገት ጉልበቱ ጠፍቶ መብራት ቢበራና ሞተሩ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ቢስተካከል ኮምፒውተሩ ራሱ ሞተሩን አስሮታል። «የነዳጅ ፊልትሮ ነው፣ በርካሽ ይቀየራል» ይሉሻል። ከሆነ ቀይረው ይሽጡልሽ።

5ኤሉ ላይ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ግፊት አትጠብቂ። የሚጠበቀው አንድ ዓይነት መሳብ ነው። ቀስ ብሎ፣ ግን ሳይቆራረጥ፣ ሳይንገጫገጭ ፍጥነቱን ይጨምር። ፍጥነቱ እንደ ነበረ ቢቆይ እንኳ ጭነት ይዞ ከሆነ አትፍረጂበት። እየቀነሰ ሄዶ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ካስገደደሽ፣ ጥቁር ጭስም ከጨመረ፣ ያኔ ወንድምሽ እውነቱን ነው። ዙሩ ከፍ እያለ መኪናው ግን ካልተከተለ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ፍሪሲዮኑ ነው የሚንሸራተት። ስንት ጥሩ ሞተር በፍሪሲዮን ጥፋት ተሰድቧል መሰለሽ።

ስፖኪዮውን እያየሽ ንጂ። ጭሱን ከኋላ የሚያይልሽ ሰው በሌላ መኪና ቢከተልሽ ደግሞ ይበልጣል። የሙቀት መርፌዋ መሃል ላይ ቆማ መቅረት አለባት፤ ዳገቱን እስክትጨርሺ ወደ ላይ ከሄደች ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ጓርኒሲዮኑ ጀምሮታል። በእኛ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቶሎ ይገነፍላል፤ ስለዚህ የክዳኑን ላስቲክም እዪ።

ቁልቁለቱን አትርሺ። ወተት ይዘሽ ወደ አዲስ አበባ ስትመጪ አብዛኛው የሚጠብቅሽ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ሞተሩን ግን ቁልቁለትም ይፈትነዋል። በሦስተኛ ማርሽ እግርሽን ከነዳጁ አንስተሽ ረዘም ያለ ቁልቁለት ውረጂ። መጨረሻ ላይ ነዳጁን ርገጪና ከኋላ እዪ። ቦግ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ከቫልቮቹ በኩል እየገባ ነው።

ከሙከራው ስትመለሺ ቪጎውን ወዲያው አታጥፊው። ሁለት ደቂቃ በራሱ ዙር ይቁም፤ ቱርቦው ይቀዘቅዛል። ከዚያ አጥፊው፣ ትንሽ ጠብቀሽ እንደገና አስነሺው። ጠዋት በደንብ ተነስቶ ሲሞቅ እምቢ የሚል ዲፎርዲ ኢንጀክተሩ ወይም ፓምፑ አልቋል። መኪናው ቆሞበት የነበረውን መሬትም እዪ።

ነዳጅ ስንት ይበላል የሚለውን በሙከራ አታውቂውም። ቃል የሚገባልሽ ሁሉ ይዋሻል።

ውሳኔው ያንቺ ነው፣ ግን ከጠየቅሽኝ አይቀር እናገራለሁ። መንገድሽ አጭር ነው። ጭነትሽ ከባድ ነው። ወተት ጠዋት ካልደረሰ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሚያስፈልግሽ መኪና በየማለዳው የሚነሳው ነው። ከላይ ያልኩትን ካለፈ እኔ 5ኤሉን እወስዳለሁ። የነጠላ ጋቢናው መጫኛም ሰፊ ነው፣ ቢዶንሽን በደንብ ይይዝልሻል። ቪጎው ከሆነ ምርጫሽ፣ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት በኮምፒውተር አስፈትሺው፤ ኢንጀክተሮቹ የሚመልሱትን ነዳጅም ይለኩልሽ። ሻጩ «ለምን?» ካለ መልሱን አግኝተሻል። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ክልክል ነው ከተባለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ሻጭ አፉን ሞልቶ ነው የሚናገረው። «ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ይልሻል። ይውሰደው።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን መካኒክ ሞተር የሚፈትነው መኪናው ቆሞ ነው። ማርሽ ሳያስገባ እስከ ጥግ ነዳጅ ይሰጥና ድምፁን ይሰማል። «ጥሩ ይጮሃል» ይላል። ልክ ነው?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይደለም። ያልተጫነ ሞተር ጉልበቱን አያሳይም፤ የሚያሳየው ጩኸቱን ነው። የሞተ ቱርቦ እንኳ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ቱርቦ የሚሠራው ሞተሩ ሲጎትት ነው። በዚያ ላይ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ቺንጋ ያለው መኪና ላይ እንዲህ ማድረግ አደጋ ነው። በሰው መኪና ላይ ከተበጠሰ ማን ሊከፍል ነው? መጠነኛ ዙር ሰጥቶ የጭሱን ቀለም ማየት ይበቃል። ሌላው ዳገት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ ሄጄ የድሮ የናፍጣ ፒክአፕ ገዛሁ። ቱርቦ የለውም። እዚያ ስሞክረው እጅግ ጠንካራ ነበር፣ ጭስም አልነበረውም። ደብረ ብርሃን ይዤው ስገባ ጥቁር ጭስ በጭስ ሆነ፣ ዳገትም ፈራ። ተታለልኩ?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳትታለል አትቀርም ብዬ አልፈርድም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው። መካኒካል ፓምፕ ይህን አያውቅም። እዚያ የሚረጨውን ናፍጣ እዚህም ይረጫል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን አንሷል። ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ፀሐይ አዙረህ እየው። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ከድሬዳዋ መንገድ አቧራ ይዞ የመጣ መኪና ፊልትሮው ቢደፈን አይገርምም። ከዚያ የኢንጀክተሮቹን አረጫጨት አስለካ፤ የሚያንጠባጥብ አንድ ብቻ ቢኖር እንኳ ጭሱ ይበዛል። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ወደ ፓምፕ ባለሙያ ሂድና የነዳጁን መጠን ለደብረ ብርሃን ከፍታ ቀነስ ያድርግልህ። ጭሱ ይጠፋል። ጉልበቱ ግን ድሬዳዋ ላይ ያየኸው አይመለስም፤ ናፍጣህ ግን ይተርፋል። «ጉልበት እጨምርልሃለሁ» ብሎ ፓምፑን ይበልጥ የሚከፍት ሰው ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ጭሱ በዝቶ የጭስ ማውጫው ሙቀት ሲጨምር መጀመሪያ የሚሄዱት ፒስተንና ቫልቭ ናቸው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ጭሱ ካልለቀቀህ ጻፍልኝ። የዘይት ክዳኑንም ገልብጠህ ሞክረው፤ ምን እንዳደረገ አብረህ ንገረኝ።